ባለቤቴ እጇን ያወጣችበት ጉባኤ

ባለቤቴ የወረዳ ምክር ቤት አባል ሆና ከተመረጠች ወዲህ ሚኒባሴ ውስጥ የሰው አቀማመጥ ተለወጠ። ቀድሞ ከሾፌሩ ጎን ያለው ወንበር የሚፈለገው እግር ለመዘርጋት ነበር። በኋላ ግን የሚፈለገው የእኔ ጆሮ ሆነ። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ፣ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ስመላለስ አንዱ ስለ ማዳበሪያ፣ ሌላው ስለ ልጁ ምዝገባ፣ አንዷ ከጎረቤቷ ጋር ስላለባት የድንበር ክርክር ይነግሩኛል። ሲወርዱም በመስኮቱ ጎንበስ ብለው «እንግዲህ ለመምህርቷ አድርስልኝ» ይሉኛል። እሽ እላለሁ። ቤት ስገባ ግማሹን ረስቼ፣ ግማሹን አደባልቄ እነግራታለሁ።

«እኔን መርጠው አንተን ነው የሚያነጋግሩት?» ትለኛለች እየሳቀች።

«አንቺ ትምህርት ቤት ነሽ፤ እኔ መንገድ ላይ ነኝ።»

የምንኖረው ከዋናው አስፋልት ገባ ብላ በምትገኝ ትንሽ የወረዳ ከተማ ነው። እሷ የተወለደችው ግን ከከተማዋ ቁልቁል ባለው ቀበሌ ነው። እኛ በደፈናው «ታች» እንለዋለን። መምህርነት የጀመረችውም እዚያው ነው፤ ዛሬ እርፍ የሚጨብጡት፣ ልጅ ያሳደጉት ብዙዎቹ ፊደል የቆጠሩት በእሷ እጅ ነው። ገዥው ፓርቲ ዕጩ አድርጎ ያቀረባት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። እሷም ጥያቄውን የተቀበለችው ሳታቅማማ ነበር። አባል የሆነችው ለሥልጣን ብላ አልነበረም፤ ለመብል ብላም አልነበረም። ያን ጊዜ ነገር ይሻሻላል ብለው ከልባቸው ካመኑት አንዷ ነበረች።

ነገሩ የመጣው በውሃ ነው።

በታች ቀበሌ ራስጌ፣ ከትልቅ ድንጋይ ሥር የሚፈልቅ ምንጭ አለ። በጋ ከክረምት አይደርቅም። ገበሬዎቹ በቦይ እየጠለፉ ድንች፣ ሽንኩርትና በርበሬ ያለሙበታል። ዝናብ በሌለበት ወራት ያ ሸለቆ ብቻውን አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ላይ ያለችው ከተማችን ደግሞ ውሃ አጥታ ትንገበገባለች። ቧንቧው በወረፋ ነው፤ ወረፋውም ይዘለላል። ሴቶች ጀሪካን ደርድረው ውለው ባዶውን ይዘው ይመለሳሉ። እኔ መኪና ስላለኝ ከቡሬ እየቀዳሁ አመጣለሁ፤ ጎረቤቶቼ ያ ዕድል የላቸውም።

አንድ የገበያ ቀን የታች ቀበሌ ሰው የሆኑ አንድ አዛውንት የበርበሬ ጆንያቸውን ከኋላ አስጭነው ከጎኔ ተቀመጡ። ጥቂት ከሄድን በኋላ ዞር ብለው አዩኝ።

«አንተ የመምህርቷ ባለቤት አይደለህም?»

«ነኝ አባቴ።»

«ምንጫችን ላይ ቀይ ቀለም የቀቡት እነማን ናቸው?»

«እኔ አላወቅሁም።»

«እሷስ ታውቃለች?»

«እጠይቃታለሁ።»

«ጠይቃት። ሜትር ዘርግተው ለኩና ድንጋዩን ቀብተው ሄዱ። እንዴት ዋላችሁ እንኳ አላሉንም። የመረጥናት ሰው እያለች እኛ ነገሩን ከቀለም እንስማው?»

ባለቤቴ አታውቅም ነበር። ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። በማግሥቱ ወደ ውሃ ጽሕፈት ቤት ሄዳ ጠየቀች። ጥናቱ አልቋል አሏት። ምንጩ ተገንብቶ ይዘጋል፤ ውሃው በፓምፕ ተገፍቶ ወደ ከተማው ይወጣል። ለገበሬዎቹ ምን ይቀራል ብትል፣ ባለሙያው ትከሻውን ሰብቆ፣ እሱ የጥናቱ አካል አይደለም አላት። ጉዳዩ በቀጣዩ ጉባኤ ለምክር ቤቱ ይቀርባል፣ ይጸድቃል፣ ሥራው ይጀመራል። ባለሙያው ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገረው።

እኔ ቧንቧውን ፈልጌው ነበር። ለምን እደብቃለሁ? ጀሪካን መሸከም የሰለቸኝ ሰው ነኝ። ጎረቤታችን ያለችው ነፍሰ ጡር ሴት ከወረፋ ስትመለስ ግድግዳ ተደግፋ ስታርፍ አያለሁ።

«ከተማውስ ሕዝብ አይደለም?» አልኋት።

«ሕዝብ ነው። እኔም የምጠጣው እዚህ ነው። እኔን የላከኝ ግን ታች ነው።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«መጀመሪያ ሄጄ እሰማለሁ።»

ቅዳሜ ዕለት ራሴ ይዣት ሄድሁ። መኪናው ከሚደርስበት ቆመን የቀረውን በእግር ወረድን። ሰዎቹ ምንጩ አጠገብ ከዋርካው ሥር ተሰብስበው ጠበቁን። እኔ ቁጣ ጠብቄ ነበር። ቁጣ አልነበረም፤ እንዲያውም ልመና የሚመስል ነገር ነበር፤ ያ ደግሞ የበለጠ ከበደኝ። ማሳቸውን ዞረው አሳዩን። ገና የተተከለ የበርበሬ ችግኝ ነበር፣ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ። አንዱ ገበሬ ቦዩን በእግሩ ከፈት አድርጎ ውሃው ወደ መደቡ ሲገባ ቆሞ አየ፤ ለእኛ ለማሳየት ይሁን ለራሱ አላውቅም።

የደብሩ የቅኔ መምህር፣ የኔታ የሚሏቸው፣ የሁሉንም ሐሳብ ጠቅልለው ተናገሩ። «ልጄ፣ የከተማው ሰው አይጠጣ አላልንም። የተጠማ ሰው ከልክለን ቤተ ክርስቲያን ብንሄድ ማን ይቀበለናል? የምንለው ሁሉንም አትውሰዱብን ነው። ተካፍለን እንጠጣ። ይህንን በዚያ ቤት ተናገሪልን።»

«እናገራለሁ የኔታ» አለች። ስትመልስ ድምጿ ቀጥ ያለ ነበር። ወደ መኪናው ስንወጣ ግን ሁለት ጊዜ ቆማ ወደ ኋላ አየች።

ጉባኤው ሊጠራ ጥቂት ሲቀረው የፓርቲው አባላት የሆኑት የምክር ቤት ተመራጮች ለቅድመ ስብሰባ ፍኖተ ሰላም ተጠሩ። የምክር ቤቱ አባላት ከጥቂት ሰው በቀር ሁሉም የፓርቲው ስለነበሩ፣ ያ ስብሰባ ማለት ጉባኤው ራሱ ማለት ነበር። ይዣት ሄድሁና ከአዳራሹ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ተቀመጥሁ። ሻዩ ቀዘቀዘብኝ። ሌላ አዘዝሁ፤ እሱም ቀዘቀዘ። ተነስቼ መኪናውን ጠረግሁ፤ ንጹሕ ነበር። ጎማዎቹን እየዞርሁ በእግሬ መታሁ። መንገደኛው ሁሉ ወደ ደምበጫ ነው ወይስ ወደ ቡሬ እያለ ይጠይቀኛል፤ እኔ ዛሬ አልጭንም እላለሁ።

ስትወጣ ከሌሎቹ ተለይታ ነው የመጣች። መኪናው ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። ከተማውን ወጥተን እስክንሄድ ድረስ አልተናገረችም። ከዚያ ነገሩን ሁሉ እንደ ጎርፍ ለቀቀችው።

የወረዳው የፓርቲ ኃላፊ ድሮ አብሯት ያስተማረ ሰው ነው፤ በዕድሜ ያንሳታል። ስብሰባው ላይ የታች ቀበሌን ጥያቄ ስታነሳ በትዕግሥት ሰማት። ከዚያ «ጉዳዩ እዚህ አልቋል፤ ጉባኤው ላይ ልዩነት መታየት የለበትም» አላት።

«እዚህ ካለቀ ጉባኤው ለምን ይጠራል?» ብትለው፣

«ለማጽደቅ» አለ።

«የመረጡኝ ሰዎች ተናገሪልን ብለውኛል።»

«እዚህ ተናገርሽ፤ ሰማንሽ። ውይይቱ እዚህ ውስጥ ነው፤ ውሳኔ ላይ ግን አንድ ድምፅ ነን። ስትመረጪ ወረቀቱ ላይ የነበረው ያንቺ ፎቶ ብቻ አይደለም፤ የፓርቲው ምልክትም ነበር። ሕዝቡ የመረጠው እሱን ነው።»

«እዚያ ላይ ተቀመጥሁ» አለችኝ። «ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ብቻዬን ብወዳደር ማን ያስመርጠኛል? ግን ምልክት አስተምሯቸዋል እንዴ? ምልክት ልቅሷቸው ላይ ደርሷል?»

«ዝም ብለሽ ድምፅሽን ስጫቸው» አልሁ። «ውስጥ ሆነሽ በኋላ አንድ ነገር ታስደርጊላቸዋለሽ። ከወጣሽ ማን ይሰማሻል?»

«በኋላ መቼ? ውሃው ከሄደ በኋላ?»

«እኔ ለአንቺ ፈርቼ ነው።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የማልቆጣህ» አለችና መልሳ ተቆጣችኝ። እስከ ቤታችን ድረስ ተጨቃጨቅን። እውነቴን ነው፣ መንገዱ እንዴት እንዳለቀ አላስታውስም።

የምክር ቤት ጉባኤ ለሕዝብ ክፍት ነው ይባላል። ክፍት መሆኑን የሚፈትሽ ሰው ብዙ ስለሌለ የኋላው ወንበር ባዶ ነበር። እኔ ሥራ ትቼ ሄጄ ተቀመጥሁ። ሪፖርት ተነበበ፤ ተጨበጨበ። ሌላ ሪፖርት ተነበበ፤ ተጨበጨበ። የውሃው ጉዳይ ሲደርስ አፈ ጉባኤው አስተያየት ካለ አሉ። ሁለት ሰዎች ተነስተው ዕቅዱን አመሰገኑ። ባለቤቴ እጇን አወጣች፤ ጊዜ የለም፣ ወደ ውሳኔ እንሂድ ተባለ።

«የምትደግፉ?»

እጆች እንደ ማሽላ እሸት ተነሱ።

«የሚቃወም?» አሉ አፈ ጉባኤው። አንገታቸውን ወደ ወረቀታቸው ደፍተው ነበር፤ ጥያቄው ለወጉ ያህል የሚጠየቅ ነውና ቀና አላሉም። ከአዳራሹ ጉርምርምታ ሲሰሙ ነው ቀና ያሉት። የባለቤቴ እጅ ብቻውን ከፍ ብሎ ቆሟል። ሲወጣ ያየሁት ያ እጅ፣ ጠዋት የልጃችንን ፀጉር ሲሠራ የነበረው፣ ያን ጊዜ የማላውቀው ሰው እጅ መሰለኝ።

«ድምፀ ተአቅቦ?»

ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ በገበያችን ጨርቅ የሚነግዱ ሙስሊም ሰው፣ በዝግታ እጃቸውን አነሱ። እሳቸውም የፓርቲው አባል ነበሩ። ማንም አልጠበቃቸውም፤ እኔ ራሴ አልጠበቅሁም።

አፈ ጉባኤው በደንቡ መሠረት የተቃወመው ሰው ምክንያቱን እንዲናገር ዕድል ሰጡ። እሷ ተነሳች። «ከተማው ውሃ ያግኝ» አለች። «እኔም ከተማው ውስጥ እኖራለሁ። ግን የመረጡኝ ሰዎች ተካፍለን እንጠጣ ብለው ልከውኛል፤ ዕቅዱ ውስጥ የእነሱ ድርሻ የለም። አባል ስንሆን የማልነው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናችን ተገዥ እንሆናለን ብለን ነው። ሕዝቡን ሰምቼዋለሁ፤ ሕሊናዬም እንቅልፍ ነሥቶኛል። ስለዚህ ተቃውሜያለሁ።» ተቀመጠች። አላጨበጨቡም። ዕቅዱ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ።

ከዚያ የሆነው ሁሉ የሆነው በዝምታ ነው። ማንም መጥቶ አልዛተብንም። ከነበረችበት ቋሚ ኮሚቴ በአዲስ ምደባ ሰበብ አነሷት። ለግምገማ ተጠርታ «የፓርቲ ዲሲፕሊን የጣሰች፣ ሕዝበኛ» ተባለች። አብረዋት ሻይ ይጠጡ የነበሩ መንገድ ላይ ሲያዩዋት ስልካቸውን ያወጣሉ። እኔም በመናኸሪያው የስምሪት ቦታዬ ተለውጦ ጠመዝማዛውን የጠጠር መንገድ አገኘሁ። ለምን ብዬ ስጠይቅ «ተራ ነው» አሉኝ። ተራ ሊሆን ይችላል። ተራ ይሁን አይሁን አለማወቁ ነው የሚያሳብድ።

በዚያ ወራት እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም ነበር። መኪና ስነዳ ቤት መሆን እፈልጋለሁ፤ ቤት ስገባ መኪናውን እፈልጋለሁ። አንድ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ካወራ ስለ እኛ ነው እላለሁ። እሷ ደግሞ ታስተምራለች፣ ደብተር ታርማለች፣ ልብስ ታጥባለች፤ ቁጭ ስትል ግን አላያትም። ወጡ ምድጃ ላይ እያረረ በር ላይ ቆማ ታገኛታለህ።

እኔ ቢያንስ ታች ያሉት ያመሰግኗታል ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ሥራ ተቋራጩ ቧንቧ ማራገፍ ሲጀምር ነገሩን ልታስረዳቸው አብረን ወረድን። ባሏ የሞተባት፣ በዚያች ምንጭ ሽንኩርት እያለማች ልጆች የምታሳድግ አንዲት ሴት ከሰው መካከል ተነሳች።

«ብቻሽን እጅ ማውጣትሽ ምን አጠጣን?» አለቻት። «እኛ የላክንሽ እንድታሸንፊ ነው እንጂ እንድትከበሪ አይደለም። እነሱ ጋር ተስማምተሽ ትንሽ ነገር ብታመጭልን አይሻልም ነበር? አሁን አንቺም ተጣልተሽ፣ እኛም ደርቀን።»

አንድም ሰው ዝም በይ አላላትም። ስንመለስ ባለቤቴ «እውነቷን ነው» አለችኝ።

«አይደለም!» አልሁ፤ ቀድሞ ያንኑ ነገር የነገርኋት እኔ መሆኔን ረስቼ።

«ግማሹ እውነት ነው። እንደ ኃላፊው ንግግር።»

ብዙ ሳይቆይ ሌላ ነገር መጣ። መራጩ ሕዝብ በተወካዩ ላይ እምነት ካጣ ሊያወርደው ይችላል፤ ሕጉ ይፈቅዳል። ያ ሕግ ሲሠራበት አይቼ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን የታች ቀበሌ ሕዝብ «በተወካያቸው ላይ ባላቸው እምነት ዙሪያ» ለመነጋገር እንዲሰበሰብ ጥሪ ወጣ። የጠራው ሕዝቡ አልነበረም፤ የወረዳው አመራር ነው። ሽንኩርት የምታለማው ሴት የተናገረችው ጆሯቸው ደርሶ ነበርና፣ ሕዝቡ ጠልቷታል ብለው ነው።

«አልሄድም» አለች መጀመሪያ። ከዚያ «እሄዳለሁ» አለች። ከዚያ «አንተ ምን ትላለህ?» አለችኝ። እኔ ቁልፉን አነሳሁ።

ስብሰባው በገበሬዎች ማሰልጠኛው ግቢ ነበር። ሰው ሣሩ ላይ ተቀምጧል፤ ጠረጴዛ ቀርቦ ከወረዳ የመጡ ሁለት ካድሬዎችና የቀበሌው አመራር ተደርድረዋል። የፓርቲው ኃላፊም ዳር ላይ ተቀምጧል። ባለቤቴ ከሴቶቹ መካከል ሣሩ ላይ ተቀመጠች፤ ወንበር አምጡላት አልተባለም። አንዱ ካድሬ ረጅም ንግግር አደረገ። ልማት የሚያደናቅፍ፣ የራሱን ስም የሚያስቀድም ተመራጭ ለሕዝብ እንደማይበጅ አስረዳ። «እንግዲህ በነፃነት ተናገሩ። እንድትቀጥል ትፈልጋላችሁ ወይስ ትውረድ?»

ወንዶቹ ዱላቸው ላይ አገጫቸውን አሳርፈው መሬት መሬት ያያሉ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር።

የኔታ ተነሱ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «የእኛ ነገር አጭር ነው» አሉ። «ትውረድልን።»

ካድሬው ፊቱ ፈካ። «የኔታ፣ ሕዝቡ ትውረድ ብሏል ብለን እንያዘው?»

«ያዙት ልጄ። ትውረድልን። ዛሬውኑ ብትወርድልን ደስታችን ነው። ብዙ ቆየች እኮ እላይ።»

እኒህ ሰው፣ ተናገሪልን ብለው የላኳት! ወደ ባለቤቴ አየሁ። ከንፈሯን ነክሳለች፤ ሊያስለቅሳት ነው ብዬ ልሮጥ ምንም አልቀረኝም። ትከሻዋ ሲነቃነቅ ነው ሳቅ መሆኑን ያወቅሁት። እሷ በእሳቸው ደብር ያደገች ናት፤ የቅኔ ሰው አነጋገር ታውቃለች። ሣሩ ላይ አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ሌላዋ። ከኋላ አንድ ወንድ ሳቁ አመለጠው። ካድሬው ወዲያና ወዲህ ይመለከታል።

ያቺ ሽንኩርት የምታለማው ሴት ብድግ አለች። «የኔታ ያሉት አልገባችሁም እንዴ? ከተማ ላይ ተሰቅላ ቀረችብን፤ ወደ እኛ ወደ ታች ትውረድልን ነው የሚሉት። ከወንበሩ መች አልን!» ሳቁ ግቢውን ሞላው። ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም። ጣቷን ወደ ጠረጴዛው ቀሰረች። «እኔ ተቆጥቻታለሁ። ነገም እቆጣታለሁ። የእኔ ናትና ነው የምቆጣት። እናንተን ተቆጥቼ አውቃለሁ? ብቆጣችሁስ ትሰሙኛላችሁ?»

እንድትወርድ የሚፈልግ እጁን ያውጣ ተባለ። ከአመራሩ አንድ ሁለት እጅ ከፍ አለና፣ ግራና ቀኙን አይቶ ተመለሰ። ስብሰባው «ለሌላ ጊዜ ተላልፏል» ተባለ። ሌላው ጊዜ አልመጣም።

በሳምንቱ ገደማ የፓርቲው ኃላፊ ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ ባለቤቴን አነጋገራት። ምንጩን ማየት እፈልጋለሁ አለ። አይቶት አያውቅም ነበር። ሁለቱንም የወሰድኋቸው እኔ ነኝ፤ እሱ ከጎኔ፣ እሷ ከኋላ።

«ጉባኤው ላይ እጅሽን ስታወጪ እኔ ምን እንደተባልሁ ታውቂያለሽ?» አላት ዞር ሳይል። «አንዲት አባል መያዝ ያቃተው ብለው ዞን ላይ ገመገሙኝ።»

«እኔም አንዲት ምንጭ መያዝ ያቃታት ተብያለሁ» አለችው።

ሳቅ አለ። ሳቁ የድካም ነበር። ያን ጊዜ ትንሽ አሳዘነኝ፤ ሊያሳዝነኝ አልፈለግሁም ነበር።

ምንጩ ዘንድ የተቋራጩ መሐንዲስ ጠበቀን። ባለቤቴ የጠየቀችው ቀላል ነገር ነው፤ ውሃው ከመሰብሰቢያው ሳይወጣ ለሁለት የሚከፍል ነገር መሥራት ይቻላል ወይ? መሐንዲሱ ይቻላል አለ፤ ሁለት አፍ ያለው ማከፋፈያ ሳጥን ይሠራል፣ አንዱ ወደ ቧንቧ፣ አንዱ ወደ ቦዩ። «እስካሁን ለምን አልተሠራም?» ቢባል፣ «ማንም ሥራ አላለኝም» አለ። ኃላፊው እጁን ኪሱ ከትቶ ማሳውን ረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ «እኔ ለበላይ አንስቼ ልሂድበት» አለ።

ሄደበትም። በሚቀጥለው ጉባኤ የዕቅድ ማሻሻያ ቀረበ። ማሻሻያው «አመራሩ ባደረገው የመስክ ምልከታ» የመጣ ነው ተብሎ ተነበበ። የእሷ ስም አልተነሳም። ሁሉም እጁን አወጣ፤ እሷም። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ በንዴት ልፈነዳ ደረስሁ። ስንወጣ ጨርቅ ነጋዴው ሽማግሌ ቀርበው እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ልጄ፣ ያን ቀን አብሬሽ ላወጣ ነበር። እጄ ግማሽ መንገድ ላይ ደከመ» አሏት። እሷ ጎንበስ ብላ አመሰገነቻቸው።

«ስምሽን እንኳ!» አልኋት መኪና ውስጥ።

«ተወው። ሳጥኑ ይሠራ።»

«አያናድድሽም?»

«ያናድደኛል እንጂ። በጣም ነው የሚያናድደኝ» አለችና መስኮቱን ከፈተች።

ሳጥኑ ተሠራ። ሁሉም ነገር ሰመረ ማለት አይደለም። ከተማው ውሃ ያገኛል፤ በየቀኑ ግን አይደለም። ታች ደግሞ የሚለማው መሬት አነሰ፤ ከምንጩ ራቅ ያሉት ሽንኩርት መትከል ትተዋል፤ ከእነዚያ አንዱ ቡሬ ለቀን ሥራ ሲሄድ እኔው ነኝ የማሳፍረው። በድርቁ ወራት የሳጥኑን አፍ ማን ዘጋው ማን ከፈተው በሚል ጠብ አይጠፋም፤ እሷም ሄዳ ትዳኛለች። የእኔ ስምሪት፣ እንደሄደ ሁሉ ምክንያት ሳይነገረኝ፣ ተመለሰልኝ።

ከዚያ ወዲህ ግጭት ገብቶ አገሩ ሌላ ሆኗል። መንገዱ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ አንድ ሳምንት ይዘጋል። ፍኖተ ሰላም አድሬ ቤቴ መግባት ያቃተኝ ጊዜ አለ። ምክር ቤቱ የሚሰበሰብበት ቀን እየራቀ ሄዷል። ሰው የሚያወራው ስለ ውሃ አይደለም።

ቢሆንም የምርጫ ነገር ሲነሳ ከታች ሁለት ሽማግሌዎች ወደ ቤታችን መጡ። ፓርቲው ቢተዋትም ባይተዋትም፣ በግሏ እንድትወዳደርላቸው ጠየቁ። በዚያው ሰሞን ኃላፊው ደወለላት፤ ራሷን ሂስ አድርጋ ብትመለስ በሩ ክፍት መሆኑን ነገራት። ሁለቱንም በትሕትና አስተናገደች፣ ለሁለቱም መልስ አልሰጠችም።

እሑድ ዕለት የልጃችንን የትምህርት ቤት ልብስ ስትተኩስ፣ እኔ ደጃፍ ላይ ጫማዬን ሳስር፣ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«አንተ ምን ትላለህ?»

የምለው ብዙ ነበር። ስለ መንገዱ፣ ስለ ዘመኑ፣ ስለ ልጃችን። በግል የሚወዳደር ሰው ማን ከኋላው እንደሚቆም። ሁሉንም በአንድ ላይ ልናገር አስቤ የወጣኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ፈርቻለሁ።»

«እኔም» አለች። የተኮሰችውን ሸሚዝ አጥፋ አስቀመጠችና ሌላ አነሳች።